የእረፍት ሰዓት ስፖርት

በመስኮቱ በኩል የተኙት እናት ጉልበታቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ወዲህ የሐኪሙን ትእዛዝ ገልብጠው ነው የያዙት። ጠዋት «ትንሽ እንራመድ» ሲባሉ ድክም ይላቸዋል። ከምሳ በኋላ «ጋደም ይበሉ» ሲባሉ ግን ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው፣ የአልጋውን ብረት ጨብጠው ቁጭ ብድግ ይላሉ። ዛሬም ተረኛዋ ነርስ ስትገባ ከነነጠላ ጫማቸው ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው ማንኮራፋት ጀመሩ።

«እማማ፣ የእረፍት ሰዓት እኮ ነው!»

«እኔማ አርፌያለሁ፤ እግሬን ጠይቂው።»

ነርሷ ጉልበታቸውን ዳበሰችው፤ እንደ ኳስ ተነፍቷል።

«እንዲህ ካበጠማ ነገ ቤትዎ አይገቡም።»

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «እውነትሽን ነው?»

ደስታቸውን ስታይ ነገሩ ገባት። ሊጠይቋቸው የሚመጡት ልጆች በእርግጥም ይጠይቃሉ፦ «እማዬ፣ የጓዳው ቁልፍ የት ነው? ሸሚዜን ማን ይተኩስልኝ?»

«ታዲያ እረፍት ከፈለጉ መናገር ነው እንጂ ጉልበትዎ ምን አጠፋ?»

«ለእነሱ ማን ይነግርልኛል?»

«እኔ። እቤትም ሁለት ሳምንት ከአልጋ ብዙ አይነሱም እላቸዋለሁ።»

ሴትዮዋ ትራሳቸውን አመቻቹ።

«ወር በያቸው የኔ ልጅ፤ የመጀመሪያው ልጄ ቶሎ አይገባውም።»