ኩሽኔታውና የጋሽ ዘውዴ ክንድ

ለንስሐ አባቴ እንኳ ለብዙ ጊዜ ያልነገርኩት አንድ ውሸት ነበረኝ። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ቆይቼ እዚያች ጋ ስደርስ... እዘላታለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ጊዜ። እኔ መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ በቆርቆሮ በተሠራች ሱቅ ውስጥ የስፌት መኪና፣ ፋኖስ፣ የመጣልኝን ሁሉ እጠግናለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር።

ጋሽ ዘውዴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ ቤታቸው ተክለ ሃይማኖት። ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ዝዋይ ወርደው ዓሣ ያጠምዳሉ። አንድ ቀን የማጥመጃ ዘንጋቸውን ይዘውልኝ መጡ። ዘንጉ ላይ ክሩ የሚጠቀለልበት ትንሽ ከበሮ መሳይ ነገር አለ። መንጠቆው ሲወረወር ከበሮው እየተሽከረከረ ክሩን መልቀቅ አለበት። የሚዞረው ግን በተበላ የናስ ቀለበት ላይ ነው፤ ይይዘዋል።

«በናሱ ፈንታ ኩሽኔታ አስገባልኝ። ራቅ አድርጌ ልወርውርበት» አሉኝ።

ሁለት ቀን ምናለሽ ተራን አሰስኩ። ከአንድ የተጣለ ሞተር ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ ሁለት ኩሽኔታዎች አገኘሁ። ስገጥማቸው ልክክ አሉ። ከበሮውን በጣቴ መታ ሳደርገው ዞሮ ዞሮ አልቆም አለ... ግን ይጮኻል። እንደ ንብ፣ ጥዝዝዝ...

አጠገቤ ብሎንና ኩሽኔታ የሚሸጠው ሽኩር ጆሮውን አስጠጋና ፊቱን አጨፈገገ።

«የሚጮህ ኩሽኔታ የሞተ ነው። አሁን ይሄን ለሽማግሌ ልትሰጥ ነው?»

ለጭነት መኪና እውነቱን ነው። እኔም ሙያውን የለመድኩት ጋራዥ ውስጥ ስለሆነ አልተከራከርኩም። ሁለቱንም ግራሶ፣ ያን ወፍራም የመኪና ቅባት፣ ጠቅጥቄ ሞላኋቸው። ድምፁ ጸጥ አለ። «አሁን ቅቤ ሆነ» አለ ሽኩር። ጋሽ ዘውዴም መርቀውኝ ሄዱ።

ሰኞ ተመለሱ።

«ታደሰ፣ ከበፊቱም ባሰ እኮ። እግሬ ሥር ነው የሚወድቀው።»

ተቀብዬ ከበሮውን መታሁት። አንድ ዙር ሳይሞላ ቆመ። ያኔ ገባኝ፤ ግራሶው ነው የያዘው። የመኪና ጎማን ሞተር ያዞረዋል። ይሄን የሚጎትተው ግን መንጠቆው አጠገብ የታሰረች የጣት ጫፍ የምታህል ብረት ናት።

ሽኩር ያየኛል። ሁለት ተሸካሚዎችም ሸክማቸውን አሳርፈው ይሰማሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት አቃተኝና...

«ጋሼ፣ ዕቃው ደህና ነው። ክንድዎ ይሆናል የደከመው» አልኳቸው።

ቀኝ ክንዳቸውን አዩት። እጅጌያቸውን ወደ ታች ሳብ አደረጉና «ይሆናል... ይሆናል» እያሉ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተቀምጠው አየኋቸው። በዚያ ሰዓት ዝዋይ መሆን የነበረባቸው ሰው። ልጃቸው ጃንጥላውን ይዛላቸዋለች። እሳቸው ቀኛቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በግራ እጃቸው ነው ሰላም የሚሉት። ሳያዩኝ በሌላኛው በር ወጣሁ።

ብዙም ሳይቆይ ዘንጉን ይዘው ሱቄ መጡ።

«ውሰደው። ከእንግዲህ ለኔ ምን ያደርግልኛል» አሉ። «ሰው ሁሉ ‹ገና ነዎት› እያለ ይሸነግለኛል። እውነቱን የነገርከኝ አንተ ብቻ ነህ።»

እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀበልኩ። ይሄንንም ጨምሩበት።

ያን ሳምንት መቀመጫ አጣሁ። የስፌት መኪና መርፌ እገጥማለሁ፣ መልሼ አወልቃለሁ። ብድግ ብዬ እስከ እህል በረንዳ እሄዳለሁ፤ ምንም ሳልገዛ እመለሳለሁ። አባታችን ሆይ ብዬ ጀምሬ የቱ ጋ እንደደረስኩ ይጠፋኛል። ባለቤቴ ብትኖር ፊቴን አይታ «ምን አጥፍተህ ነው?» ትለኝ ነበር። የሚጠይቀኝ ሰው የለም... እሱ ነው የባሰብኝ።

ዓርብ ከአንድ ባለታክሲ በመድኃኒት ብልቃጥ ቤንዚን ለምኜ ኩሽኔታዎቹን ፈታሁ። ግራሶው እስኪለቅ አጠብኳቸው፣ አደረቅኳቸው፣ አንዳንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ብቻ ጠብ አደረግሁባቸው። ከበሮውን መታሁት። ጥዝዝዝ... አልቆም አለ።

«ኧረ ይጮኻል» አለ ሽኩር።

«ይጩህ። የዚህ ጤናው እሱ ነው።»

ነገሩን ሁሉ አጫወትኩት። ጭንቅላቱን አከከ።

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? ‹አዲስ ኩሽኔታ አገኘሁልዎ› በላቸው። እሳቸውም ይደሰታሉ፣ አንተም ትገላገላለህ። የምን ራስን ማዋረድ ነው?»

እውነት ለመናገር ተክለ ሃይማኖት እስክደርስ መንገዱን ሙሉ ይሄንኑ ነበር የማጠናው። እንዲያውም አማርኛውን አሳምሬዋለሁ።

ጋሽ ዘውዴ ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። በመንጠቆው ፈንታ አንድ ብሎን ክሩ ጫፍ ላይ አስሬ ዘንጉን ዘረጋሁላቸው።

«ተወኝ ልጄ፣ አታድክመኝ።»

«አንዴ ብቻ፣ ጋሼ።»

ሳይወዱ ተነስተው ወረወሩ። ከበሮው ጮኸ... ብሎኑ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ቋ! አለ። ከወዲያ አንዲት ሴት «ማነው ቤቴን በድንጋይ የሚደበድበው?» ብላ ተቆጣች።

እሳቸው አልሰሟትም። ክሩ የሄደበትን እያዩ ቆመዋል። ቀስ ብለው ክንዳቸውን አጠፉት፣ ዘረጉት። ከዚያ እየሳቁ ወደኔ ዞሩ።

«ምን አደረግክበት?»

ያጠናሁት አፌ ላይ ደርሷል። ሳቃቸውንም እያየሁ ነው...

«ግራሶውን አጠብኩት» አልኳቸው። «የሞላሁትም እኔው ነኝ። ክንድዎ ምንም አልሆነም፣ ጋሼ። ያን ዕለት ስነግርዎም አውቀው ነበር።»