ለ«እርስዎ» የሚበቃ ቦታ

አባቴ በስትሮክ ቀኝ ጎኑንና አንደበቱን ካጣ ጥቂት ወራት በኋላ፣ ሾላ አካባቢ ሊዘጋ ከተቃረበ ጌም ቤት አንድ አሮጌ የጌም ማሽን ገዛሁ። መገናኛ ላይ ለባቡሩ መንገዱ የተቆፈረበት ጊዜ ስለነበር፣ ያን ጥቁር ሣጥን ታቅፌ ብዙውን መንገድ በእግሬ ነው የመጣሁት። እህቴ በር ከፍታ አየችኝና፣

«አባዬ መናገር አቃተው እንጂ ኳስ መጫወት አማረው የሚል ሰው አልሰማሁም» አለችኝ።

ሰዎች በየቤታቸው ሠርተው በነፃ የሚለቋቸውን ፕሮግራሞች በዚህ ማሽን ላይ ማስኬድ እንደሚቻል ኢንተርኔት ላይ አንብቤ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ቴሌቪዥን ላይ ሥዕሎች ይደረድራል፤ አንዱ ሲመረጥ የተቀዳ ድምፅ ያሰማል። የአባቴ ግራ እጅ ደህና ነው፤ ጆይስቲክ መያዝ ይችላል። የብርጭቆውን ሥዕል ሲመርጥ ቴሌቪዥኑ «ውሃ» ይልለታል። ሐሳቡ ይኸው ነበር።

«ላፕቶፕ ምን በላው?» አለች እህቴ።

ላፕቶፕ ሞክረናል። ማውሱ አልታዘዝ ሲለው ወርውሮታል። ፊደል የተጻፈበት ካርቶንም ሞክረናል፤ ካርቶን ግን የሚሠራው የሚያይህ ሰው አጠገብህ ከቆመ ብቻ ነው። አባቴ የፈለገው ከሌላ ክፍል መሰማት ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኖ ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲሰማ የኖረ ሰው፣ አንዱ ዞር ብሎ እስኪያየው መጠበቅ ከሕመሙ ይልቅ አቃጠለው። ስለዚህ ይናገራል አልኩ፤ በዚህም ሣጥን ይሁን በሌላ፣ ይናገራል።

ጥያቄው ቃላቱ የት ይቀመጡ የሚል ነበር። ሲዲ አይሆንም፤ የማሽኑ ሌንስ ጌም ቤት ውስጥ አልቋል፤ ዲስክ ሲጎርስ ያጉረመርማል እንጂ አያነብም። የቀረው ሚሞሪ ካርዱ ነው፤ ተጫዋቹ የት እንደደረሰ እንዲያስታውስ የተሠራ፣ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ነገር። ፕሮግራሙንም ድምፁንም እዚያ ላይ ጫንኩ። ማሽኑ ሲበራ ቃላቱ ከካርዱ ተጠቃለው ወደ ውስጡ ስለሚገቡ አባቴ እንደተጫነ ወዲያው ይናገራል። ግን ካርዱ ጠባብ ነው። ብዙ ቃል እንዲይዝልኝ ድምፁን ብጨምቀው ጣሳ ውስጥ የገባ ተርብ መሰለ፤ ስለዚህ ቃላቱን መቀነስ ነበረብኝ። የቀዳሁት በራሴ ድምፅ ነው። አባቴ ዕድሜዬን ሙሉ ሲያርመው በኖረው አፍ መናገር ግድ ሆነበት፤ ለሁለታችንም ቅጣት ነበር።

ቃላቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ውሃ፣ ሻይ፣ አመመኝ፣ በረደኝ፣ ና፣ ነይ፣ ተቀመጥ፣ አንሣኝ። በሽተኛ የሚያዘው ልጆቹን ነው ብዬ ነበር። በሳምንቱ ከመኝታ ቤት «ሻይ! ሻይ! ሻይ!» የሚል የእኔ ድምፅ ቤቱን ሞላው። እህቴ፣ «የዚህ ነገር ማጥፊያው የት ነው?» ስትል ሰማኋት፤ ደስ ብሏት ነው።

ከዚያ አንድ እሑድ ከሰዓት የአባቴ የንስሐ አባት ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወርደው ሊጠይቁት መጡ። በዕድሜም ይበልጡታል። ከታመመ ወዲህ የሚቀበላቸው በዓይኑ ብቻ ነበር፤ ያን ቀን ግን ቃል አለው። በሩ ላይ ሲያያቸው ጆይስቲኩን አነሣና የወንበሩን ሥዕል መረጠ።

«ተቀመጥ!» አለ ቴሌቪዥኑ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ።

ቄሱ እኔን አዩኝ፤ አፌ ተዘግቷል። ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩና «እሺ ጌታዬ» ብለውት ተቀመጡ። እህቴ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። የትምህርት ቤቱን ጥበቃ እንኳ «አንተ» ብሎ የማያውቅ ሰው ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ጆይስቲኩን ሳቀብለው በክንዱ ይገፋዋል።

«ተወው በቃ» አለች እህቴ። «ከሚያዋርደው ዝም ቢል ይሻለዋል።»

«ይሻላል» የሚባል ነገር ስሰማ ተቃራኒውን ማድረግ የቆየ ልማዴ ነው። ቁጭ ብዬ ቃላቱን እንደገና አሰላሁ። ና ካለ ነይ አለ፣ ኑ አለ፣ ይምጡ አለ። ስጠኝ፣ ስጪኝ፣ ስጡኝ፣ ይስጡኝ። እያንዳንዱ ግሥ አራት ሆነብኝ፤ ካርዱ ደግሞ አንዱንም በጭንቅ ነው የያዘው። የማሽኑ አፍቃሪዎች የትኛው ማከማቻ ይበልጣል እያሉ ኢንተርኔት ላይ የተነታረኩትን ገጽ በገጽ አነበብኩ። በቋንቋቸው ለውሻም ለጳጳስም አንድ «አንተ» ብቻ ስላላቸው የእኔን ዓይነት ጣጣ ያነሣ አንድም አልነበረም።

ሃርድ ዲስክ ሞከርኩ። ማሽኑ ከጀርባው የሚገባበት ቦታ አለው፤ ማገናኛውን ስንት ሱቅ ዞሬ አገኘሁ። ቦታው አማርኛን ከነዘመዶቹ ያሳድራል። ቃላቱን እየጫንኩ መብራት ሄደ፤ ሲመጣ ዲስኩ ምንም የማላውቅ ነኝ አለ። እንደገና ጫንኩ፤ እንደገና ሄደ። ለጎረቤት አገሮች መብራት ልንሸጥ ነው ተብሎ በዜና የሚነገርበት ዘመን ነበር፤ እኛ ሰፈር ዜናው ሳያልቅ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ሃርድ ዲስኩን አወጣሁት።

ቀጥሎ ፍላሽ። የመጀመሪያው ላዩ ላይ የተጻፈውን ግማሽ እንኳ የማይዝ ውሸታም ነበር። ሁለተኛውን ማሽኑ አላውቀውም አለ። ሦስተኛው ሠራ፤ ግን ቀርፋፋ ነው። ግሦቹ ስለበዙ እንደ ካርዱ ተጠቃለው አይገቡም፤ ማሽኑ አንዱን ቃል ከዚያ ሁሉ መካከል ፈልጎ እስኪያገኝ ሰው ይጠብቃል። ስለዚህ ከፋፈልኩት፦ ውሃና አመመኝ ቶሎ እንዲደርሱ ካርዱ ላይ፣ ሰውን የሚጠሩት ቃላት ሁሉ ፍላሹ ላይ።

ጆይስቲኩን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጬ እኔው አሳየሁት። ወንበሩን ስመርጥ አራት ፊት ይመጣል፦ ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ፣ ብዙ ሰው፣ ሻሽ የጠመጠሙ ሽማግሌ። ሽማግሌውን ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ እጄን ገፍቶ ጆይስቲኩን ወሰደ።

ቄሱ ሲመለሱ ሁላችንም እዚያው ነበርን። በሩ ላይ እንደቆሙ አባቴ ወንበሩን፣ ከዚያ ሽማግሌውን መረጠ። ምንም የለም። እህቴ ጭንቅ ሲላት ወንበር ሳበችና፣ «ይቀ...» ስትል አባቴ ፍራሹን በመዳፉ መታው።

«ተይ ልጄ» አሉ ቄሱ። «ሊናገር ነው።»

መቋሚያቸውን ተደግፈው ጠበቁት። ፍላሹ ጊዜውን ወሰደ። እሳቸው የቸኮሉ አይመስሉም።

«ይቀመጡ» አለ ቴሌቪዥኑ።

«እግዚአብሔር ያክብርልኝ» አሉና ተቀመጡ።

ያን ጊዜ እኔ አላስችል አለኝ። ስለ ካርዱ፣ ስለ ሃርድ ዲስኩ፣ ስለ ውሸታሙ ፍላሽ፣ ሌላው ቤተሰብ ቢሆን እንዴት ተስፋ እንደሚቆርጥ ለቄሱ ማስረዳት ጀመርኩ። አባቴ አውራ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ አላየሁትም።

«ዝም ይበሉ» አለ ቴሌቪዥኑ በመካከል።

ደነገጥኩ። ቄሱ አንድ ቃል አልተናገሩም። «ሽማግሌውን ተጭኖ ነው፤ ተሳስቶ ነው አባታችን» አልኩ።

እህቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «ምን ተሳሳተ! ለአንተ ነው እኮ!»

አባቴን አየሁት። ልጆች ሳለን ስናበሽቀው አይጮህም ነበር፤ «እርስዎ» ይለናል፤ ከዱላ ይልቅ የምንፈራው እሱን ነበር። በሚታዘዝለት ግማሽ ፊቱ እያየኝ ነው፤ ጣቱ አሁንም ሽማግሌው ላይ ነው።

ዝም አልኩ።