ማሽላው ሳይሰማ፦ የመንደራችን ዙምባራ በቪየና

ማክሰኞ ማለዳ፣ ከአሶሳ ወጣ ብሎ

ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ስወጣ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ልትመርቀኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ከጓሮ የቀጠፈችውን የማሽላ ራስ ዓይኔ ሥር አመጣችና አንዷን ፍሬ በጣቶቿ ጨፈለቀቻት። ነጭ ወተት ወጣ።

«አየኸው ሰይዶ? ገና ወተት ነው። እዚያ ሄዳችሁ ሼሁን አስገድዳችሁ እንዳታስነፉብኝ።»

«አብሽሪ» አልኳት።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ዙምባራ የበርታ ሕዝብ መለከት ነው፤ ቅል ከቅል እየተቀጠለ ይሠራል፤ ትልቁ ከሰው ቁመት አይተናነስም። አንዱ ዙምባራ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ዜማ የሚሆነው ድምፁ ከአንዱ ነፊ ወደ ሌላው ሲዘል ነው። በእኛ መንደር ደግሞ ደንብ አለው፤ ማሽላ ከተዘራ ጀምሮ የመጀመሪያው ራስ እስኪቆረጥ ድረስ አይነፋም። ከተነፋ ማሽላው ደንግጦ ፍሬውን ያጨነግፋል ይባላል። ከተማ ውስጥ ያሉ የባህል ቡድኖች ክረምት ከበጋ በየመድረኩ ይነፋሉ፤ የእነሱን ማንም አይነካባቸውም። የመንደር ዙምባራ ግን የመንደር ነው።

ዙምባራውን የሚጠብቁት ሼህ ኢድሪስ ማሳቸው ከማሳችን የሚዋሰን ጎረቤታችን ናቸው። እናትና አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። እናቴ ስትመጣ ይህ ደንብ የእሷ አልነበረም። ከሼሁ ጎን ዕድሜዋን ስታርስ ኖራ ግን ዛሬ ከባለቤቶቹ በላይ ጠባቂ ሆናለች።

ከቪየና ጥሪ የመጣልን ክረምት ላይ ነው። በዚያ ከተማ መኸር ሲገባ አደባባዩ ሁሉ ድግስ ይሆናል አሉ፤ ለአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዙምባራችሁን አሰሙን አሉን። ቶሎ የሚደርሰው ማሽላ እስከዚያ ይቆረጣል ብለን እሺ አልን። ዝናቡ ግን ዘገየ፤ ማሽላውም አብሮት ዘገየ። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆንኩ በአስተርጓሚነት የምሄድ ነኝና፣ ለአዘጋጇ ለብሪጊተ «ምናልባት ላይነፉ ይችላሉ» ብዬ ጻፍኩላት። «አትስጉ፣ የድምፅ መሣሪያችን ጥሩ ነው» ብላ መለሰችልኝ።

ሼህ ኢድሪስ ግን መቅረትን አልፈለጉም። «ሰው ጠርቶሃል፣ ትሄዳለህ» አሉኝ። «መንፋት ሌላ ነገር ነው።»

ዙምባራዎቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው በአብዱልቃድር ባጃጅ ተጫኑ። አብዱልቃድር የባጃጅ ሹፌር ነው፤ የትንሹ ዙምባራ ነፊም እሱ ነው። እኛ በሌላ ባጃጅ እስከ አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ተከተልናቸው። ከማንጎዎቹ ሥር ሴቶች ከሰል ይዘው ይወርዳሉ፣ ቀርከሃ የጫነ አህያ መንገዱን ዘግቶ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። በግራም በቀኝም ማሽላ ቆሟል። ሼሁ መንገዱን ሁሉ ማሽላ ማሽላውን ሲያዩ ሄዱ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ

የመጀመሪያው ፈተና ፍተሻው ላይ ጠበቀን። አንድ ወጣት ፈታሽ ብርድ ልብሱን ገለጠና ምንድን ነው አለ። የሙዚቃ መሣሪያ ነው አልኩት። «እስቲ ንፉት» አለ። ሰልፉ ከኋላችን ረዝሟል። ሼሁ ዙምባራውን እንደ ሕፃን አቅፈው «ማሽላ ቆሟል» አሉት። ልጁ እኔን አየኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ያዳነችን አጠገቡ የነበረች ጠና ያለች ፈታሽ ናት። ተወልዳ ያደገችው እኛው ክልል፣ ቡለን እንደሆነ ነገረችን፤ ቅሉን አንኳኩታ ውስጡን በባትሪ አየችና «ተዋቸው፤ እዚያ አገር እህል ይከበራል» አለችው። ሼሁ አውሮፕላኑ እስኪነሳ ድረስ ሲመርቋት ነበር።

ረቡዕ፣ ቪየና

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። ዛፎቹ ቢጫ ሆነው ቅጠላቸው መንገዱን ሞልቶታል፣ የሚጠርግ ሰው አለ፣ ወዲያው ደግሞ ይሞላል። ብሪጊተ ቀይ ሻርፕ ያደረገች ረጅም ሴት ናት፤ ስትራመድ ለመከተል መሮጥ ያስፈልጋል። በየአደባባዩ ድንኳን ተተክሏል። የዱባ ክምር፣ የዱባ ሾርባ፣ የዱባ ዘይት፤ ይሄ ሕዝብ በመኸር ዱባ ብቻ ነው እንዴ የሚበላው ብለን አማናቸው። በጋሪ ላይ ከሰል አንድደው ቡናማ ፍሬ እየጠበሱ በወረቀት ጠቅልለው ይሸጣሉ፤ ጣዕሙ ስኳር ድንች ይመስላል። የአንድ ሻይ ዋጋ አሶሳ ገበያ ላይ ዶሮ ይገዛል። አብዱልቃድርን ያስገረመው ግን ሁለት ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ ነው፤ ሹፌሩ ቆብ ደፍቶ ቱሪስት ጭኖ ይሄዳል። «እኛ ከጋሪ ወደ ባጃጅ አለፍን፣ እነሱ ከባቡር ወደ ጋሪ ተመለሱ» አለና ፈረሶቹን ፎቶ አነሳ።

ሼሁ አንዱ ድንኳን ፊት ቆመው ቀሩ። ለጌጥ የሚሸጡ ትንንሽ ቅሎች ተደርድረዋል። አንድ በአንድ አንስተው በጣታቸው መቱና ጆሯቸውን አስጠጉ። የሚሆን አላገኙም።

ትልቁ አደባባይ ላይ የነሐስ መለከት የያዙ ሰዎች ይነፋሉ። ጉንጫቸው ቀልቷል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሼሁ ለረጅም ጊዜ ካዳመጡ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «እነዚህ አጭደዋል ማለት ነው?»

ለብሪጊተ ተረጎምኩላት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ ቀና ብላ አየቻቸውና፣ ከተማው ዳር ኮረብታዎቹ ላይ የወይን እርሻ እንዳለ፣ ለቀማው ሰሞኑን እንደሆነ ነገረችን። ዓርብ ልትወስደን ቃል ገባች።

ሐሙስ፣ የድምፅ ሙከራ

የድምፅ ባለሙያው ማይክሮፎኖቹን አሰልፎ «አንድ ጊዜ ንፉልኝ» አለ። ነፊዎቹ በቦታ በቦታቸው ቆመው ዙምባራቸውን ወደ ምድር ደፍተው ዝም። ደግሞ ጠየቀ። ደግሞ ዝም። መጨረሻ ላይ አብዱልቃድር አዘነለትና በእግሩ መሬቱን እየደቃ መጨፈር ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ምስኪኑ ሰውዬ የእግራቸውን ድምፅ ለክቶ ሄደ።

ብሪጊተ ወደ ጎን ወሰደችኝ። አልተቆጣችም፤ ፈርታለች። ነገሩ ዓመቱን ሙሉ የደከመችበት እንደሆነና ባዶ መድረክ ይዛ ሕዝብ ፊት መቆም እንደማትችል ነገረችኝ። አዘንኩላት። እናቴም ትዝ አለችኝ፣ በጣቶቿ መሃል የወጣው ወተትም። ደንቡን ታምናለህ ወይ ብትሉኝ አላውቅም። ግን ተነፍቶ ማሽላው ቢያጨነግፍ፣ ምክንያቱ ዝናብም ይሁን አንበጣ፣ ዓመቱን ሙሉ የእናቴን ዓይን ማየት አልችልም።

ምሳ ላይ ሼሁን በግልጽ ጠየቅኋቸው። እንግዲህ ምን ይሻላል? ሾርባቸውን አስቀምጠው ደንቡን ከሥሩ ነገሩኝ። ዙምባራ የሚፈታው ገበሬው ከአዲሱ ምርት ቆርጦ ለዙምባራው ጠባቂ በእጁ ሲሰጥ ነው። ያን ጊዜ ድምፁ በሚደርስበት መሬት ሁሉ መንፋት ይቻላል፤ የቀረው ማሽላ ቢቆምም አይደነግጥም።

«ድምፁን የሚሰማው እህል ነው የሚፈራው» አሉኝ። «የዚህ አገር ገበሬ ከሰጠኝ እነፋለሁ። አሶሳ ሩቅ ነው፣ ማሽላው አይሰማም።»

ደስ ብሎኝ ስልኬን አወጣሁ፤ ለብሪጊተ ልደውል። እጄን ያዙኝ።

«አትንገረው። ለወይኑ ገበሬም አትንገረው፣ ለእሷም አትንገራት። ሳይጠየቅ የሰጠ ነው ምርት። የተጠየቀ ልመና ነው።»

ዓርብ፣ ኮረብታው ላይ

በከተማው ባቡር እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄድን። ከዚያ ዳገት። ወይኑ በተርታ ተተክሎ ኮረብታውን ያለብሰዋል፣ ከታች ከተማው ከነወንዙ ተዘርግቷል። የእርሻው ባለቤት ፍራንዝ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሰማያዊ ሽርጥ ታጥቀዋል፣ ወሬ አያበዙም። ለቃሚዎቹ የልጅ ልጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። አሶሳም ደቦ ሲወጣ እንዲሁ ነው፤ ግማሹ ይሠራል፣ ግማሹ ይቀልዳል።

ሼሁ ለጉብኝት አልመጡም። ጋቢያቸውን አጣፍተው መቀስ ተቀበሉና ተርታው ውስጥ ገቡ። አብዱልቃድርና ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ተርታ ግራና ቀኝ ሆነው፣ አንድም ቃል ሳይግባቡ፣ እኩል እየቆረጡ ወደ ላይ ወጡ። ፍራንዝ አንዱን ዘለላ አንስተው የበሰበሰውን ፍሬ እንዴት እንደሚለቅሙ አሳዩ፤ ሼሁ አንድ ጊዜ አይተው ያዙት።

እኔ መቀሱን ይዤ ሐሳቤ ሌላ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚያስፈልገው። ፍራንዝ እንግሊዝኛ ይችላሉ። «እባክዎ አንድ ዘለላ ይስጧቸው» ብል ያልቃል። አፌ ድረስ መጥቶ ስንቴ ዋጥኩት። ብሪጊተ ከታች ሆና ሰዓቷን ታያለች።

ለእረፍት ተቀመጥን። ፍራንዝ በጆግ የዕለቱን ጭማቂ ይዘው መጡ፤ አልኮል የሌለው መሆኑን ጠይቄ አረጋገጥኩ፣ ሁላችንም ጠጣን። ከዚያ አንድ ዘለላ ቆርጠው ለእኔ ዘረጉልኝ። አስተርጓሚ ስለሆንኩ የቡድኑ አለቃ መስያቸዋለሁ። ልቀበል? ልመልስ? ብመልስ ነውር ነው፣ ብቀበል መንፋቱ ቀረ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩ፤ በእኛ አገር ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም፣ ይህን ለማድረግ ቃል አላስፈለገኝም።

ፍራንዝ እጃቸውን እንደዘረጉ አዩኝ። ቀጥሎ ሼሁን አዩ፤ ግንባራቸው ላይ ያለውን ላብ፣ እግራቸው ሥር ያለውን የሞላ ቅርጫት። ዘለላውን በሽርጣቸው ጠርገው ሄዱና በሁለት እጃቸው ሰጧቸው።

ሼሁ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ቢስሚላህ ብለው አንዲት ፍሬ ቀመሱ፣ የቀረውን በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩ። አብዱልቃድር ጀርባዬን መታኝ። እኔ አለቀስኩ፤ ብርዱ ነው ብዬ ዋሸሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ አደባባዩ

ሕዝቡ ድንኳኖቹን ትቶ መጥቶ ቆሟል። ልጆች በአባታቸው ትከሻ ላይ ናቸው። ፍራንዝ ከፊት ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል፣ ዛሬ ሽርጥ የለም፣ ኮት ነው።

ነፊዎቹ ተሰለፉ። ሊጀምሩ ሲሉ አብዱልቃድር ስልኩን መድረኩ ጠርዝ ላይ አቁሞ አየሁት። በቀጥታ ሊያስተላልፍ ነው፤ አሶሳ ያሉ ጓደኞቹ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ሼሁም አዩት።

«ዝጋው» አሉት። «ስልኩ አሶሳ ይደርሳል። የዚህ ልጅ እናት የቆመ ማሽላ አላት» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ።

አብዱልቃድር ተከራከረ፤ ሰው ሁሉ ቤት ውስጥ ሆኖ ነው የሚያየው አለ። ሼሁ መስኮት ክፍት ነው አሉ። ስልኩ ተዘጋ። እንዲቀርጽ ብቻ ተፈቀደለት፤ እስከ አጨዳ ድረስ ላይከፍተው ቃል ገብቶ።

ከዚያ ትልቁ ዙምባራ ተነፋ። ድምፁ መጀመሪያ በእግር ነው የሚሰማው። ሁለተኛው መለሰለት፣ ሦስተኛው፣ ትንሹ የአብዱልቃድር ከላይ ዘለለበት፣ እና ያ አደባባይ ዜማ ሆነ። ከአንዱ ነፊ ወደ ሌላው ሲዘል የሕዝቡ አንገት አብሮ ይዞራል። ቆየት ብሎ ከነሐስ መለከተኞቹ አንዱ እግሩን መደቃት ጀመረ። ብሪጊተ ሻርፏን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ሕዝቡ አንለቅም ብሎ ሁለቴ አስደገማቸው።

ኅዳር፣ እቤት

ከተመለስን ሳምንታት ሆነን። አሶሳ ውስጥ የቪየናውን ዙምባራ የሰማ ማንም የለም። አብዱልቃድር በባጃጁ ሲዞር ሰው ሁሉ አሳየን ይለዋል፤ እሱ ፈረሶቹን ብቻ ያሳያል።

ዛሬ ማለዳ እናቴ አንድ የማሽላ ራስ ቆረጠች። ፍሬውን በጣቶቿ ልትጨፈልቀው ሞከረች፤ እምቢ አላት። ማንም ሳይጠይቃት የማሳውን ድንበር ተሻግራ ለሼህ ኢድሪስ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ትንሽ ቆይቶ ዙምባራው በማሽላው መሃል ተነፋ፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ የነበረ ሰው ሥራውን ትቶ መጣ።

ሲያርፉ ሼሁ አብዱልቃድርን «አሁን ክፈተው» አሉት። እናቴ ስልኩን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው፤ ማየት እንዳለባት ብነግራትም አልሰማችኝም። የዚያ አደባባይ ጭብጨባ በጆሮዋ ጥግ ይንጫጫል። እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«እነሱም አጭደው ነው?» አለችኝ።

«አጭደው ነው።»

«እንግዲያ አላህ በረካ ያድርግላቸው» አለችና ስልኩን መልሳ፣ ማጭዷን አንስታ ወደ ቀረው ማሽላ ገባች።