የጋሼ ጽሑፍ ፊደሉ የጠፋበት ሳምንት

የአንድ ኮምፒውተር ዊንዶውስ መቀየር ታሪክ ሆኖ ሊጻፍ ይገባዋል? እኔም እጠራጠራለሁ። ሰው አልሞተበትም፣ ቤት አልተቃጠለበትም። ግን ባሰብኩት ቁጥር ፊቴ ይግላል።

የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመንፈቅ ዓመት እረፍት ሐረር ስገባ ጎረቤታችን ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ አስጠሩኝ። ኮምፒውተራቸው ከየሱቁ በተለቀመ ዕቃ የተገጣጠመ ነው፤ የጎን ክዳን እንኳ የለውም።

«ከእኔ ብሶ እየዘገየ ነው የሚነሳው፤ ዊንዶውሱን ቀይርልኝ። ኮምፒውተር አይደል የምትማረው?»

«አዎ ጋሼ» አልኩ። እስካሁን የተማርነው በሰሌዳ ላይ ብቻ መሆኑን አልነገርኳቸውም።

በውስጡ ስለ ሟች ባለቤታቸው የሚጽፉት ጽሑፍ ነበር። ልጃቸው እናቷን አታስታውስም፤ ጽሑፉን ለሠርጓ ሊሰጧት አስበዋል፤ የቀራቸው መጨረሻው ነው። ጽሑፉን በጥንቃቄ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ፣ ፎርማት አድርጌ አዲሱን ዊንዶውስ ጫንኩ። ጽሑፉን መልሼ ስከፍተው አማርኛው ሁሉ የላቲን ፊደልና ቅንፍ ሆኗል።

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። «ይሄ የማን ቋንቋ ነው?» አሉ።

«ነገ አስተካክለዋለሁ» ብዬ ወጣሁ። በነጋታው አልሄድኩም። ፈረስ መጋላ አደባባይ ለመድረስ የእሳቸውን በር ሸሽቼ በጊዲር መጋላ ገበያ በኩል እዞር ጀመር። እናቴን ሲጠይቋት «ትንሽ አሞት ነው» አለችልኝ። በእኛ ሰፈር ግን ጎረቤት ታሟል ተብሎ ቤት የሚቀመጥ የለም። ብርቱካን ይዘው መጡ። ድምፃቸውን ስሰማ ጫማዬን ሳላወልቅ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ።

ግንባሬን ዳሰሱ። «ትኩሳት የለህም።»

«አሁን ለቀቀኝ ጋሼ።»

የብርድ ልብሱን ጫፍ አዩት። «ጫማ አድርጎ የሚተኛ በሽተኛ ዛሬ ገና አየሁ!» እናቴ ከጓዳ ሳቀች። እሳቸው ግን ቶሎ ሳቃቸውን ተዉት። «ልጄ፣ ቁርጡን ንገረኝ። ጠፍቶም ከሆነ የማስታውሰውን በእጄ እጽፋለሁ። ሠርጉ ግን ደርሷል፤ ቀን አታቃጥልብኝ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከስልኬ አንብቤ ምክንያቱን ካወቅሁ ሰንብቻለሁ፤ ጽሑፉ አልጠፋም፤ የጠፋው ፊደሉን የሚያሳየው የድሮ ፎንት ነው። ከየት እንዳመጡት ለመጠየቅ አፍሬ ነበር። አሁን ሁሉንም ነግሬ ጠየቅኳቸው።

«ፎንቱን? ከትምህርት ቤታችን ነዋ! ለዚህ ነው የታመምከው?»

አብረን ሄድን። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ፎንቱን ፍላሽ ላይ ገለበጠችልን። ቤታቸው ተመልሰን ኮምፒውተሩ ላይ ስጭነው አማርኛው ተመለሰ። ጋሼ የመጀመሪያውን ገጽ ለራሳቸው አነበቡና ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

ያን ዕለት የሠርጉ ዋዜማ ስለነበር ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ነበር፤ ለመጻፍ ጊዜ አልነበራቸውም። ስለ ባለቤታቸው የመጨረሻ ወራት ሊጽፉ የነበረው ሳይጻፍ ቀረ። ያለውን አሳትመው በሠርጉ ቀን ለልጃቸው ሰጧት፤ «የቀረውን በቃሌ እነግርሻለሁ» ሲሏት በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። እኔ ስላባከንኩባቸው ቀናት አንድም ቃል አልተናገሩም። ቀኑ ጥር 30 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር።