በትርጉም የተገኘ አንበሳ

በልጅነቴ ነቀምቴ ላይ የትልልቅ ሰዎች ኮከብ አንድ ነበር፤ አሰድ፣ አንበሳው። አውራጃ ገዥው አሰድ፣ ዳኛው አሰድ፣ ገበያው መሐል ያለው ባለ ቆርቆሮ ቤት ነጋዴም አሰድ። የሁሉንም የቆጠሩት ከጎጃም የመጡ አንድ ደብተራ ናቸው። አሁን ሳስበው ለባለጸጋ ሌላ ኮከብ አውጥተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ያኔ ግን ማን ደፍሮ ይጠይቃቸዋል!

አባቴ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር። ባላገሩ በኦሮምኛ የሚለውን ለዳኛው በአማርኛ ያቀርባል፤ ቃል አይጨምርም፣ አያጎድልም ተብሎ የተመሰከረለት ሰው ነው። ከነቀምቴ አለፍ ብላ ባለችው ኡኬ የሹም ቦታ ክፍት ሲሆን እሱ ታጨ። ገዥው ግን ኮከቡ ከኮከባቸው ያልገጠመ ሰው ይከዳኛል ብለው ስለሚፈሩ፣ አስቀድመው ደብተራውን ወደ ቤታችን ላኩ።

«የእናትህ ስም?» አሉት። ኮከብ ያለ እናት ስም አይቆጠርም።

አያቴ እዚያው ጥግ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። አባቴ ስሟን ተናገረ፤ በኦሮምኛ ደስታን የሚገልጽ ስም ነው። ደብተራው የእናትና የልጁን ስም ፊደል በቁጥር መነዘሩት፣ በአሥራ ሁለት ገደፉት፣ ፊታቸው ጠቆር አለ።

«አቅራብ» አሉ። ጊንጥ ማለት ነው።

አባቴ፣ «የኔታ፣ በአማርኛ ይቁጠሩት፤ ትርጉሙ ያው ነው» አለና የእናቱን ስም እንደ ምስክር ቃል ተረጎመላቸው። ደብተራው እንደገና ቆጠሩ። አምስት ተረፈ፤ አሰድ!

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» አሉ ደብተራው። ይህን ስም ያወጣው እንኳ መልአክ አልነበረም።

አያቴ ወደ እኔ ዞራ «ማል ጄዴ?» አለችኝ፤ ምን አለ ማለቷ ነው። የገበያ አማርኛ ስለምታውቅ ሁሉንም ሰምታለች። እኔም በኦሮምኛ፣ «አንበሳ ወልደሻል አሉ» አልኳት። ጎመኗን መቀንጠስ ቀጠለች። በማግስቱ ተማሪ ቤት ሄጄ የአባቴና የገዥው ኮከብ አንድ ነው እያልኩ ተኩራራሁ። ትዝ ሲለኝ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ሹመቱ ሊጸድቅ ሲል ገዥው ራሳቸው ቤታችን ጎራ አሉ። አያቴን ደጅ ላይ አገኟት።

«የአንበሳው እናት እርስዎ ነዎት? ስምዎ ማን ይባላል?» አሉና አባቴን፣ «አስተርጉምላቸው እንጂ!» አሉት።

ደብተራው የነገሯቸው የአማርኛውን ስም ነው፤ እውነተኛ ስሟን ከተናገረች ሹመቱ መቅረቱ ነው። ያ በችሎት ፊት የማይደናቀፍ አባቴ ሳይተረጉም ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እኔም እንደ እሱ አቀረቀርኩ። ለእሱም ለራሴም አፈርኩ።

አያቴ ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ማንም ያልጠራትን የአማርኛ ስም እየቆራረጠች ተናገረች። ገዥው፣ «እሰይ! መልካም ስም ነው» ብለው ሳቁና ሄዱ።

ገዥው ከደጅ እንደወጡ አባቴ እግሯ ላይ ወደቀ። «አዮ» አላት፤ በእኛ አገር እናቴ ማለት ነው።

አያቴ እግሯን ቀስ ብላ ሳበች።

«እሱንም በአማርኛ በለው» አለችው።