ወደ ናዝሬት የተሰናበተ

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር የጆንያ አፍ መስፋት ነበር። የጃንሆይን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አውርደን፣ ድስቶቹን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለን ከተትን። ባለቤቴ የጆንያውን አፍ ግራና ቀኝ ወጥሮ ያዘ፤ እኔ ሰፋሁ። ባቡር ላይ ስለሚወረወር ጠበቅ አድርጊው አለኝ። ጠበቅ አደረግሁት። ከዚያ እራት በላን፤ ተኛን። ጠዋት አልነቃም።

ይህን የምጽፈው የጎረቤቴ ልጅ ስለጠየቀችኝ ነው። በቅርቡ ነው ያገባችው። ባሏ ናዝሬት ሥራ ተገኝቶለታል፤ ጓዛቸውን ጠቅልለው ለመሄድ እያሰቡ ነው። «እትዬ፣ እርስዎም ሊሄዱ ነበር አይደል? እንሂድ ወይስ እንቅር?» አለችኝ። በአፌ መመለስ አቃተኝ። ቀስ እያልኩ እጽፍልሻለሁ አልኳት።

ናዝሬት መጥፎ አይደለም። ባለቤቴ ልኩን የያዘ ከተማ ነው ይል ነበር። እንደ መርካቶ ሰው በሰው ላይ አይረማመድበትም፤ እንደ ገጠርም ጨው ጎድሎ ገበያ እስኪውል አይጠበቅበትም። ጋሪ ላይ ወጥተሽ ከዳር እስከ ዳር ትደርሻለሽ። ሙቀቱ ግን ከባድ ነው። እህል ቶሎ ይነቅዛል፤ ስለዚህ ብዙ አትግዢ። ቤት ስትከራዩ ጣሪያውን ከሰዓት በኋላ ገብተሽ እዪው፤ ጠዋት ሁሉም ቤት ቀዝቃዛ ነው። ውሃው ከየት እንደሚቀዳ ጠይቂ። ይህን ሁሉ እኛም ጠይቀን ነበር። ያልጠየቅነው ስለ እድር ነው።

ባለቤቴ መርካቶ፣ እህል በረንዳ ጤፍ ይነግድ ነበር። ነገር በእንጥልጥል መተው አይወድም። ናዝሬት ሱቅ እንዳገኘ የሰፈራችንን እድር አባላት ቤታችን ጠራቸው። የሚሄድ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ አብልቶ፣ አጠጥቶ፣ «አሰናብቱኝ» ይላል። እነሱም ይመርቁታል፤ ከዚያ በኋላ አባል አይደለም። ለመሳቅ የማይቸግረው የገበያ ጓደኛው፣ «አንተን የሚያህል ቅቤ ናዝሬት ይቀልጣል። በቅል ቀድተው ነው የሚመልሱልን» አለው። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ቆመው መረቁን። የናዝሬት እድር ደግሞ እዚያ ያልኖረ ሰው አይቀበልም። ስለዚህ የዚህኛው አባል አልነበርንም፤ የዚያኛውም አልነበርንም። በዚህ መሀል ሞተ።

ያን ጠዋት ወጥቼ የወሎዋን ጎረቤቴን «አልነቃ አለኝ» አልኳት። ገብታ አየችው። እሷ ጮኸች እንጂ እኔ አልጮኽኩም። የእድሩ ወንዶች መጥተው ከአጥራችን ውጪ ቆሙ። ጥሩምባ ግን አልተነፋም። በእኛ ሰፈር የእድሩ ጥሩምባ ካልተነፋ ሰው ሞተ አይባልም። ድንኳን አይተከልም፤ ሱቅ አይዘጋም፤ ጉድጓድ የሚቆፍር አይሄድም። ባለቤቴ ወንድም የለውም፤ እኔም እዚህ ዘመድ የለኝም። ማን ተሸክሞ እንደሚቀብረው አላውቅም ነበር።

ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። የሚሉት ሁሉ በቆርቆሮው አጥር በኩል ይሰማኛል። አንዱ የተሰናበተ ሰው ከእድሩ ድንኳን እንደማያገኝ ተናገረ። ዛሬ ደንቡ ከፈረሰ ነገ የወጣ ሁሉ ሬሳ ይዞ ይመጣል አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁ እየተቆራረጠ ነበር። ሌላው ከየኪሳችን እናዋጣና በራሳችን እንቅበረው አለ።

የእድሩ ዳኛ የእህል ደላላ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁሉን ከሰሙ በኋላ፣

«የተሰናበተን ወዴት ነበር?» አሉ።

«ወደ ናዝሬት ነዋ፣ ጋሼ» አለ አንዱ።

«ደርሷል?»

መልሱንም ራሳቸው ሰጡት።

«እኛ የመረቅነው ናዝሬት እንዲገባ ነው። አልገባም። እዚሁ ቤቱ ተኝቷል። የእኛው ሰው ነው።» ወደ ጥሩምባ ነፊው ዞሩ መሰለኝ፤ «ምን ይገትርሃል? ንፋ» አሉ።

ጥሩምባው ተነፋ። ደስ አለኝ ማለት አልችልም፤ ከፋኝም ማለት አልችልም። ያሰብኩት ስለ ድስቶቹ ነበር። ሴቶቹ ድስት ሲፈልጉ ጆንያው ውስጥ ነው አልኳቸው። ክሩ ጠብቆ አልፈታ ስላላቸው በቢላ ቀደዱት። ድንኳኑ ደጃችን ተተከለ። እህል በረንዳ ያሉት ሱቃቸውን ዘግተው መጡ፤ ተሸክመው ቀበሩት።

እና ልጄ፣ ሂዱ። ባልሽ ሥራ ካገኘ ናዝሬት ትበላላችሁ። ግን ናዝሬት እንደገባችሁ፣ ሱቅና ገበያውን ከማወቃችሁ በፊት እድር ፈልጉ። አዲስ አባል ድንኳን ለማግኘት ምን ያህል እንደሚጠብቅ ጠይቂ። ያ ጊዜ እስኪያልፍ ከዚህኛው አትውጡ። ሁለት ቦታ ተንጠላጠሉ የሚል ይኖራል፤ ይበል። ምርቃቱ አይጠፋም፤ መጥታችሁም ትመረቃላችሁ።

እኔ አልሄድኩም። የናዝሬቱን ሱቅ ሌላ ሰው ያዘው። ዳኛው በስሜ አባል አድርገው መለሱኝ። አሁን በሰፈሩ ጥሩምባ ሲነፋ እንስራዬን ይዤ ወደ ቦኖው እወርዳለሁ፤ ለለቅሶው ቤት ውሃ እቀዳለሁ።