በሁዳዴ የወሰድኩት ቦታ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእህቴም፣ ለቅርብ ጓደኞቼም፣ ለነፍስ አባቴም። የነፍስ አባቴ "ሌላስ፣ ልጄ?" እያሉ ሲጠይቁኝ፣ ጥቃቅኗን ኃጢአት ዘርዝሬ "ሌላ የለም፣ አባ" ብዬ እነሳለሁ። አሁን ለማታውቁኝ ለእናንተ ልናገር ነው። ለማያውቁት ሰው መናገር ለምን እንደሚቀል አውቃለሁ፤ እኔ ፈሪ ስለሆንኩ ነው።

እኔ የማኅሌትን ቦታ ወሰድኩ። በጉልበት ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። በምላሴ ነው የወሰድኩት።

ዶሃ ውስጥ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሻን ነኝ። ማኅሌት ነርስ ናት፤ አል ዋክራ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር አፓርታማ ተጋርታ ትኖራለች። የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ነው። በሸራ የሚሄድ ጀልባ ላይ ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። ዊሌም የሚባል ጡረታ የወጣ የሆላንድ መሐንዲስ፣ ዘ ፐርል በሚባለው የጀልባ ማቆሚያ የሚያቆማት የራሱ ጀልባ አለችው፤ ዓርብ ዓርብ ገመድ የሚስብለት ሰው ሲፈልግ እኔን አገኘ። አንድ ዓርብ ማኅሌትን ይዣት ሄድኩ። ባሕሩን ላሳያት ብዬ አይምሰላችሁ፤ እሷ ፊት ልታይ ልታይ ብሎኝ ነው።

የመጀመሪያ ቀን የበላችውን ሁሉ አስመለሰች። በቃ፣ ኸላስ ትላለች ብዬ ስጠብቅ በሳምንቱ ከእኔ ቀድማ ደረሰች። ከዚያ በኋላ አንድም ዓርብ አልቀረችም። ዓመት ሳይሞላ ዊሌም መሪውን ለእሷ እየሰጠ እኔን ገመድ ያስይዘኝ ጀመር። ባጎረስኩ ተነከስኩ አልኩ በልቤ። ማን ነከሰኝ? ልጅቷ የሠራችው ነገር ቢኖር ከእኔ በላይ መቻል ብቻ ነው።

ከዚያ ዊሌም ከዶሃ ተነስቶ ሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ ዛንዚባር በሚያበቃ የጀልባ ውድድር ለመግባት ተመዘገበ። ሁለት የድሮ ጓደኞቹ ከአገሩ ይመጣሉ፤ የቀረው አንድ ቦታ ነው። ሸራ እያጣጠፍን ሳለ ለሁለታችንም እዚያው ነገረን፤ ማኅሌት ትሄዳለች፣ እኔ ተጠባባቂ እሆናለሁ። እሷ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ አቅፌ "እንኳን ደስ ያለሽ" አልኳት። ቤቷ ሳደርሳት መኪና ውስጥ እንዲህ አለችኝ፦ "ዳኒ፣ ነርስ የሆንኩት አባቴ ስለፈለገ ነው። ዶሃም የመጣሁት ለቤተሰብ ብዬ ነው። ለራሴ ብዬ የፈለግኩት ነገር ቢኖር ይሄ የመጀመሪያው ነው።" ለፋሲካ አገር ቤት ልትገባበት የያዘችውን የዓመት ፈቃድ ለውድድሩ አደረገችው።

የእኔ ችግር ምን ነበር መሰላችሁ? ዊሌም ሳይመርጥ በፊት፣ እሄዳለሁ ብዬ ለሥራ ቦታው ሁሉ አውርቼ ነበር። ውኃ የማያስገባውን ጃኬት ለብሼ ፎቶ ተነስቼ ለጥፌያለሁ። ባልደረቦቼ "ካፒቴን" ይሉኛል። አሁን ምን ብዬ ልመለስ? ይህችው ናት ምክንያቴ። ከዚህ የከበደ ምክንያት ቢኖረኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ውድድሩ የሚነሳው ሁዳዴ አጋማሽ ላይ ነበር። ማኅሌት በጾም አትቀልድም፤ ሆስፒታል ቆማ እየዋለች እንኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አትቀምስም። ስለዚህ ደብረ ታቦር ላሉት የነፍስ አባቷ ደወለች። እሳቸውም ጀልባው መሬት ይነካ እንደሆነ፣ ምን እንደሚበላበት ጠይቀው ጠይቀው፣ "ባሕር ላይ ያለ ሰው መንገደኛ ነው፣ ልጄ። የሰጡሽን ብዪ፤ ስትመለሺ ትክሺዋለሽ" አሏት። እየሳቀች ነገረችኝ። ለእኔ ብቻ ነበር የነገረችው፤ እዚያ ጀልባ ላይ ሌላ ማን ይገባዋል?

ሥራውን የሠራሁት ስንቅ በምናሽግበት ቀን ነው። ማኅሌት ሥራ ላይ ነበረች። እኔና ዊሌም የደረቀ የበሬ ሥጋ፣ አይብ ያለበት ፓስታና የዱቄት ወተት በየከረጢቱ እየከተትን ነበር። ዊሌም ድንገት እጁን አቆመና፣ "ማኅሌት ሰሞኑን ምሳ አትበላም። የሃይማኖት ነገር ነው? የአገሯ ሰው ነህና ንገረኝ" አለኝ።

ነገርኩት። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ እንደማይበላ ነገርኩት። እስከ ከሰዓት በኋላ ውኃም እንደማይቀመስ ነገርኩት። እስከ ፋሲካ እንደሚቆይ ነገርኩት። አንድም ሐሰት የለበትም። ከረጢቶቹን ተመለከታቸው። "የነፍስ አባቷ ግን ፈቅደውላታል" ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ላይ ነበረች፤ ዋጥኳት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ ግን አላመለጠኝም፤ ጠብቄ፣ አስቤ ነው የዘጋሁት።

ዊሌም ደግ ሰው ነው። "እሷኑ ልጠይቃት" አለ። እዚህ ላይ ነው የጨረስኩት። "ባትጠይቃት ይሻላል" አልኩት፤ "እኛ ዘንድ ሰውን ስለ ጾሙ መጠየቅ ነውር ነው። ይከፋታል። ጾሜን ልፍታ ከምትል ተዝለፍልፋ ብትወድቅ ትመርጣለች።" ነውር! ነውር ቢሆንማ አገራችን ውስጥ አንድም ምግብ ቤት ባልተከፈተ፤ አስተናጋጁ ገና ሳትቀመጡ "የጾም ነው የፍስክ?" አይደል የሚላችሁ? ዊሌም ይህን ከየት ይወቀው? ብዙ ዘመኑን የሰው እምነት ላለመንካት እየተጠነቀቀ የኖረ ሰው ነው። ጥንቃቄውን መሣሪያ አደረግኩት።

በማግስቱ ማኅሌትን ጠርቶ፣ ጉዞው ከባድ ስለሆነ ጠንካራ ሰው እንደሚያስፈልገው ነገራት። ስለ ጾሙ ትንፍሽ አላለም፤ እኔ አደራ ብዬዋለሁና። እሷ ማታ ደውላ "ለካ አልበቃም ነበር፣ ዳኒ" አለችኝ። እኔም "አይዞሽ፣ ለሚቀጥለው ኢንሻአላህ" አልኳት። በዚያ አፌ የእግዚአብሔርን ስም ጠራሁ። እንዴት አልተንቀጠቀጥኩም?

የዓመት ፈቃዷን መመለስ አልቻለችም። ታኩርፋለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን በየቀኑ እየመጣች አዘጋጀችኝ። የተተረተረውን ሸራ ሰፋች። የመድኃኒቱን ሳጥን አደራጅታ፣ ሲያጥወለውለኝ የምውጠውን በአማርኛ ጻፈችልኝ። እኔ ልሄድ፣ እሷ ሸኚ ልትሆን፣ ከእኔ የበለጠ ተጣደፈች። ዓይኗን ማየት ሲያቅተኝ ገመድ እፈታለሁ፣ መልሼ እቋጥራለሁ።

የመነሻው ቀን ከጀልባዋ አጠገብ ወደ ዳር ወሰደችኝ። "ለአባ ደውዬ ለአንተም አስፈቀድኩልህ" አለችኝ። "የክርስትና ስምህን ነግሬያቸዋለሁ፣ በስምህ ነው የፈቀዱልህ። ሳትሳቀቅ ብላ። በል ያላ፣ እየጠበቁህ ነው።"

እኔ በዚያ ሁዳዴ አንድም ቀን አልጾምኩም ነበር። ጉንጯን ሳምኩና ወጣሁ።

ስለ ጉዞው አልነግራችሁም። ደረስን፤ ፎቶም አለኝ።

ማኅሌት ከዚያ ወዲህ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። እሰይ፣ ማንም አላወቀብኝም ብዬ ኖርኩ። ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያስገደደኝ ያለፈው ወር ነው። ዊሌም ለሌላ ውድድር እየተዘጋጀ ነው። "በዚያ ወቅት ጾም የለም አይደል?" አለኝ ቀስ ብሎ፤ ሰውዬው ይህን ሁሉ ዓመት አልረሳም። "ከሌለ ማኅሌትን ንገራት። እኔ ያኔም እሷን ነበር የምፈልገው።"

ደወልኩላት። እንዳልቀየማት ፈርታ መሰለኝ ትንሽ ሳቀች። "አይ ዳኒ፣ እኔ እኮ አቅሜን አውቄያለሁ። ዊሌምም ያኔ ነግሮኛል። እንደ አንተ ጠንካራ ለሆነ ሰው ነው ይሄ።" መናገሪያው ሰዓት ያ ነበር። "ማኅሌት፣ አንቺ ደካማ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ" ብል አንድ ትንፋሽ አይወስድም ነበር። "እሺ፣ ደህና ዋይ" አልኳት። ለዊሌምም "አልፈለገችም" አልኩት።

እንግዲህ አንድ ጊዜ አይደለም የበደልኳት። የመጀመሪያውን ወጣትነት ነው፣ ቅናት ነው ልል እችል ይሆናል፤ የአሁኑን ምን ልበለው? የእናቴ መቀነት አደናቀፈኝ አልልም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። ለነፍስ አባቴ ብነግር ስግደትና ጾም ያዝዙኛል፤ እሰግዳለሁ፣ እጾማለሁ፣ ቀሎኝ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ማኅሌት ግን ያን ቀንም ደካማ ነኝ ብላ ታድራለች። ስልክ ቁጥሯ እኔ ዘንድ አለ፤ ዛሬ የዕረፍት ቀኗ እንደሆነም አውቃለሁ። ይህን ጽፌ እስክጨርስ ድረስ አልደወልኩም።